ስሟን አልጠራሁም

— ሄሎ… ደሳለ? ልጄ፣ እህትህ ዛሬ ለሽማግሌዎቹ ምን ብላ ትመልስ? … እኔማ ምኑን አውቄው።

— እኔ አያትህማ ደህና ነኝ። … ፋናም አለች፣ እዚሁ መደቡ ላይ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። … ትሰማሃለች፣ ጆሮዬ ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጋልኛለች።

— እጮኛዋ፣ ዲያቆን እንዳለው፣ ቃሉን አጠፈ። ጠዋት አባቱ ቄስ አረጋ መጥተው፣ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «ዲያቆን ፈት አያገባም፤ ልጃችን ነገ ቅስና የሚቀበል ነው» አሉኝ። ይግቡ ብላቸው አልገቡም። ከሰዓት ሽማግሌዎች ልከው ቀለበቱን ሊወስዱ ነው።

— ከየት ሰሙ? ካንተው ነዋ። የሬድዮ ፕሮግራምህን ገነተ ማርያም ድረስ የማይሰማ ማን አለ? … ስሟን አልጠራሁም ትለኛለህ? ድምፄን አሰማህ እኮ። «ኩልመስክ ከተማ ሦስት ወር ባል ነበራት» ስል ላሊበላ ድምፄን አያውቀውም? እኔ ባጃጅ ውስጥ ነው የሰማሁት። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ቀነሰው።

— ምክር ብዬ ነገርኩህ፣ አንተ ቀድተኸኝ ኖሯል። እሷ «ለእንዳለው ልንገረው» ብላ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳት። ወንድምሽ ሥርዓት አዋቂ ነው፣ እሱን ልጠይቅ አልኳት። አንተስ? «ዝም በሉ እምዬ፣ ማንም አያውቅም» አላልከኝም? በሳምንቱ ደግሞ «ክህነትን የሚያታልሉ ሴቶች» ብለህ መጣህብን።

— ሄሎ? … እንጀራህ ነው፣ አውቃለሁ። ከቅኔ ቤት ወጥተህ ሬድዮ ስትገባ፣ «ወግ አጥባቂው ደሳለ» ሲሉህ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ሦስቱንም መጽሐፎችህን ከዳዊቴ ሥር አኑሬያቸዋለሁ። ጎረቤታችን ማሚቱ ከባሏ መኮብለሏን ለፕሮግራምህ ማን ነገረህ? የደርበውን ልጅ ጉድ ማን ነገረህ? እኔው። ማሚቱ በሐሜቱ አገር ጥላ ስትሄድ ስቄያለሁ። … አዎ፣ አልክድም፣ ስቄያለሁ።

— ያንተን ግን ለማንም አላወራሁም። ሁለት ሚስት መፍታትህን። … ሌላ ነው? እንዴት ሌላ ይሆናል? … ወንድ ስለሆንክ። እሺ።

— አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ለቄስ አረጋ ደውልና «ጥፋቱ የአያቴ ነው፣ ልጅቱ ልትናገር ነበር» በላቸው። ቀለበቱ ይሂድ፣ አታላይ ግን አትባል። … ምን? … አራተኛው መጽሐፍ? … ለገና በዓል፣ እዚሁ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ ይመረቃል? … ለፋና ወንበር ይዘሃል? «የተጸጸተች» ብለህ በሰው ፊት ልታስነሳት? … ቀስ በል፣ ትሰማሃለች አልኩህ እኮ።

— ፋና? … ቆይ ደሳለ… ፋና፣ ወዴት ነው? ነጠላሽን ልበሺ፣ ውጭው ብርድ ነው። ልጄ?

— ወጣች። በሩንም አልዘጋችው። … ቀለበቱን? አዎ፣ አውልቃ መደቡ ላይ ትታዋለች። … ምን ልድገም? … ጮክ ብዬ? ለምን ጮክ ብዬ?

— አሁንም እየቀዳኸኝ ነው? አጥፋው፣ ደሳለ። … አጥፋው አልኩህ። … እኔው ልዝጋው እንጂ። ፋና፣ ይሄ ስልክ መዝጊያው የትኛው ነው? … ፋና?