የተቀናጁት መጻሕፍት

ክቡራትና ክቡራን፣ የቤተ መጻሕፍታችን ባልደረቦች፤ በዚህ ሙቀት ሥራ አቋርጣችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ አላህ ያክብርልኝ። ለስላሳውን ከዋጃ ድረስ በበረዶ ያመጣሽው ዚነት፣ አንቺንም። «እትዬ ኡሙሃኒ፣ ንግግሩን ያሳጥሩት፤ ለስላሳው ይሞቃል» ብላኛለች። ልክ ናት።

እውነቱን ልናገር? ጡረታ የምወጣው ደስ ብሎኝ ነው። ከእንግዲህ የታሪክ መጽሐፍ አልመርጥም። አልሐምዱሊላህ።

ያለፈውን ዓመት ታስታውሳላችሁ። መጻሕፍታችን በጦርነቱ ካለቁ በኋላ የአገራችንን ታሪክ መደርደሪያ እንደገና ልንሞላ ነበር። በልገሳ የደረሱን ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ ረዳቶቼ መህዲ፣ ምንጩን ከግርጌ የሚጠቅስ የምሁራን መጽሐፍ ይገዛ አለ። ነሲባ፣ ሰው ጀምሮ የሚጨርሰው ይገዛ አለች። እሱ የእሷን «ተረት» አለው። እሷ የእሱን «ትራስ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። «እትዬ፣ ነሲባ ሙጫውን ታቀብለኝ ይበሏት» ይለኛል። ሙጫው ከፊቱ ነው።

መምረጡ የእኔ ሥራ ነበር። አንዱን ብመርጥ ሌላው ሥራውን ይለቃል። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ትቼ እንዴት ልውጣ?

አንድ ቀን የሮቢቱ ገበሬ ጋሹ ከነሲባ የተዋሰውን ቀጭን መጽሐፍ መለሰ። ጣፍጦታል። «እንደው ልጄ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው?» አላት። ነሲባ መጽሐፉን ገለጠች፤ ምንጭ አልተጻፈበትም። ወደ መህዲ አየች። መህዲ ስለዚያው ዘመን የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ገልጦ ምንጩን አገኘና ማንበብ ጀመረ። ገጹን ሳያጋምስ ጋሹ አንቀላፋ።

ነሲባ ሳቀች። መህዲም ሊደብቅ ሞክሮ አልቻለም። ከዚያ እሷ፣ የጎብዬ ገበሬ ልጅ፣ ጠየቀችው፦

«አባትህ አንድ በሬ ብቻ ሲቀራቸው ምን ያደርጋሉ?»

«አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ይቀናጃሉ።»

«ታዲያ?»

የተባለው ይኸው ነው። ከሁለቱም ዓይነት በግማሽ በግማሽ ገዛን። ስለ አንድ ዘመን የተጻፉትን ቀጭንና ወፍራም አጣመርናቸው፤ አንዱን የሚዋስ ሌላውንም ይዞ ይሄዳል። ሰው ተነጫነጨብን። ወፍራሙን ሳይከፍት የሚመልስ አለ። ወፍራም እንጂ አላነብም ይል የነበረ መምህርም ቀጭኑን ማዶ ባለው ካፌ ተደብቆ ሲጨርስ አይተነዋል። ስሙን አልጠራም፤ እዚህ ተቀምጧል።

ጋሹም ጥንዱን ወሰደ። ቀጭኑን ከመለሰ ቆይቷል፤ ወፍራሙን አልመለሰም። ስጠይቀው፣ «ግርጌው ላይ ስለ እኛ ሮቢት የሚል አለ። እሱን ሳልጨርስ አልሰጥም» አለኝ። እሱን ማስመለስ ከዛሬ ጀምሮ የእናንተ ሥራ ነው። አትቸኩሉበት።

መህዲ፣ ነሲባ፣ ቁልፉን ለሁለታችሁ ትቻለሁ። ተከራከሩ። ሙጫውን ግን ራሳችሁ ተቀባበሉ።

አላህ ከክፉ ቀን ይሰውራችሁ። መደርደሪያችሁን ዳግም ባዶ አያሳያችሁ። እስላሙንም ክርስቲያኑንም የራያ ሜዳ ዝናብ አይለፋችሁ። ቀንበራችሁ አይሰበር።

አሚን በሉና ለስላሳውን ክፈቱ።