ሰላምታው ሳያልቅ

እናኑ ስልኩ ላይ «ጌታው» የሚል ስም ስታይ በረጅሙ ተነፈሰችና አነሣችው። ድሮ የእስራኤሏን ሐይፋ ቤት ለቤት እየዞሩ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው አብረው ያማክሩ ነበር፤ ዛሬ እሱ አለቃዋ ነው፣ እሷም ከቤቷ በኮምፒውተር ታማክራለች። የሚሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው።

— ሄሎ፣ ጌታው... እግዜር ይመስገን፣ አንተስ?

— አልተኛሁም። እንዴት ልተኛ? ትናንት የማማክራቸው ወይዘሮ ማሚቱ ላይ ፊት ለፊቴ ዘጋባቸው እኮ!

— ማን ዘጋ ትለኛለህ? ያ በቪዲዮ አማክሪበት ያላችሁኝ ፕሮግራማችሁ ነዋ! ገና ሰላምታ ላይ ነበርን። «ልጆቹስ?» ስላቸው ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ... የተመደበልን ሰዓት አለቀና ስክሪኑ ጨለመ። ከዚያ ወዲህ ስልክም አያነሡ።

— ሰላምታውን ላሳጥር?... አብደሃል? የጎንደር ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ ጭንቀቱን ይነግርሃል? — ሻሃር፣ ልጄ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው! — አንተ ራስህ ረሳኸው? ክርያት ቢያሊክ ያሉት ሽማግሌ ዘርህን እስከ ሰባት ቤት ቍጠር ሲሉህ፣ ሦስተኛው ላይ ጠፍቶህ ላብ አጠመቀህ... ሳቅ፣ ሳቅ! የኔን ቅድመ አያት ስም ሰጥተሃቸው ዘመዳሞች ሆነን ወጣን። ከዚያ በኋላ ነው እኮ ሰውዬው አልቅሰው የነገሩን።

— እሱን ነው የምልህ። ያኔስ መከራ ሳንሰማ ቀርተን ነው? ሰምተን፣ የሐይፋን ቁልቁለት በእግር እያወራን፣ አንዳንዴም እያለቀስን እንወርዳለን፤ ቤት ስንደርስ ቀሎን ነበር። አሁን ወጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሰማና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለልጄ እራት አቀርባለሁ። የሰማሁትን የማራግፍበት መንገድ የለኝም፣ ጌታው።

— ምን?... የጭንቀት መቋቋሚያ ሥልጠና? በምን?... በኮምፒውተር! ያቃጠለኝን ዕቃ መልሳችሁ ፊቴ ልትደቅኑት?

— አልጮህኩም... እሺ፣ ጮህኩ። ስማኝ፣ ነሸር ከተማ እሄዳለሁ። ወይዘሮ ማሚቱ ቤት።

— ሰው ቤት መሄድ ክልክል ነው የሚለውን ደንብ አውቀዋለሁ። ከሥራ ያስወጣኛል፤ ቤሰደር፣ እሺ፣ ያስወጣኝ! ሴትዮዋ አሁን ምን ላይ እንዳሉ ታውቃለህ?... እኔም አላውቅም።

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ነሸር እየሄድኩ ነው!

— አይሰማህም? አሁን ስንጨቃጨቅ ጥርት ብሎ ይሰማህ አልነበር?... ከየት ጀምሮ ነው ያልሰማኸኝ?... ከሥልጠናው ወዲህ ምንም?

— እ... ገባኝ። ነሸር እሄዳለሁ ስልህ አልሰማህማ።

— አዎ፣ ወንድሜ። መስመሩ ተበላሽቷል።

እናኑ ስልኩን ዘጋችና ጫማዋን ማሰር ጀመረች።