ጋቢው ይቅር፣ ደወሉ ይሂድ

እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥ በሉልኝ። ይህ ማይክ ኃላፊያችን ሲናገሩ ደህና ነበር፤ እኔ ስይዘው ማፏጨት ጀመረ። ሆን ተብሎ ነው አልልም፤ ግን ልብ ብያለሁ።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ሸዋዬ እባላለሁ። የዚህ የግብርና መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት በእኔ እጅ ነው። እዚህ መርሳ ከተማ ውስጥ «ሸዋዬ ሰው አታምንም» እያላችሁ እንደምታሙኝ አውቃለሁ። አዎ፣ አላምንም! አካፋ ወስዶ እጀታውን ብቻ የሚመልስ ሰው ባለበት መሥሪያ ቤት፣ ግምጃ ቤት የያዘ ሰው ካልጠረጠረ ምን ሊሠራ ነው? የምን ሳቅ ነው ከኋላ? አካፋውን የወሰደው ሰው ራሱን ያውቃል።

እንግዲህ ዛሬ የምንሸኛቸው ጋሼ ገበየሁ፣ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያችን፣ ያውላችሁ ከባለቤታቸው ከእትዬ አለሚቱ ጎን ቁጭ ብለው ጢማቸውን ያሻሻሉ። ጢማቸውን ሲያሻሹ የሆነ ነገር ደብቀዋል ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት ገና በመጡ ቀን ነው።

ጊዜው ሰማንያ አራት፣ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ ክረምት ላይ። ያኔ በአስፋልቱ የሚያልፈውን ሁሉ «ይህ ደግሞ ማነው? ከየት ነው የመጣው?» የምንልበት ወቅት ነበር። አንድ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ የሆነ ሰው ጥቁር ብስክሌት እየገፋ ግቢያችን ገባ። ከኋላ ፍራሽ ታስሯል፣ መሪው ላይ ድስት ተንጠልጥሏል። ዘበኛችን ጋሽ አማን ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ማነህ?»

«ከወልዲያ ተዛውሬ የመጣሁ ሠራተኛ ነኝ።»

«ደብዳቤህስ?»

ሰውየው ከኪሱ አወጣ። ዝናብ ገብቶበት ቀለሙ ሁሉ ፈሷል፤ አንዲት ፊደል አትነበብም። እኔ ከግምጃ ቤቱ በር ሆኜ ብስክሌቷን ሳይ የመንግሥት ንብረት ቁጥር አለባት። «ጋሽ አማን፣» አልኳቸው፣ «ብስክሌቷ ትያዝ፣ ሰውየው ይሂድ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል። እሳቸው አልተቆጡም። አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ኃላፊው እስኪመጣ የፈነዳውን የጎማዋን ከመነዳሪ ለጠፉ፣ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ለጋሽ አማን አዘገኑ፣ ጢማቸውን አሻሹ። አለመቆጣታቸው ጭራሽ አላምር አለኝ። ንጹሕ ሰው ይቆጣል እኮ!

ኃላፊው መጥቶ ዝውውራቸውን አረጋገጠ፤ ብስክሌቷም በእኔ ግምጃ ቤት ተመዘገበች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሱሪያቸውን ቀኝ እግር በከመነዳሪ ቁራጭ አስረው፣ የብስክሌቷ ፍሬን ከሞተ ዘመን ሆኖታልና፣ ቁልቁለቱን በጫማ ሶላቸው እያቆሙ፣ ሐራ ገበያ ሲውሉ ውርጌሳ ሲያድሩ እዚህ ደረሱ። መርሳ ያለው ጫማ ሰፊ ዛሬ ጡረታ የወጣው እሱ ይመስል አዝኗል።

ብስክሌቷ የግምጃ ቤት ስለሆነች፣ እሷ ሳትገባ በሩን አልዘጋም። ይህ የእኔ ሕግ ነው፤ ኃላፊም ቢለምነኝ አይሻርም። ስለዚህ ጋሼ ግቢያችን ጋ ሊደርሱ ሲሉ፣ መታጠፊያዋ ላይ፣ ደወሉን ይመታሉ። ያን ጊዜ እኔ ቁልፌን አነሣለሁ። በየሻይ ቤቱ የተበተነው ሠራተኛም መውጫ ሰዓት ደርሶ ኃላፊው ሊቆጣጠር ነው ብሎ ወደ ወንበሩ ይሮጣል። ሄኖክ፣ አትሳቅ፤ ከሁሉ ቀድመህ የምትሮጠው አንተ ነህ።

እሺ። ዘንድሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወልዲያ ኢንተርኔት ቤት መመላለስ ጀመሩ። ፖስታ ታቅፈው ይመለሳሉ። እኔ ቢሯቸው ስገባ ፖስታው መሳቢያ ይገባል፣ እጃቸው ጢማቸው ላይ ይወጣል። ቀጥሎ አዲስ አበባ ደርሰው መጡ። «ለምን ሄዱ?» ስላቸው «ለጡረታ ጉዳይ» አሉኝ። ከእትዬ አለሚቱ እንደሰማሁት ግን ያወጡት ፓስፖርት ነው። ጡረታ ከመቼ ወዲህ ነው ፓስፖርት የሚጠይቀው?

እትዬ አለሚቱን ገበያ ላይ አገኘኋቸውና ዘወርወር አድርጌ ጠየቅኩ። «ሻንጣ ገዝቷል፤ እኔም ጋቢውን አጥቤ ከትቼለታለሁ» አሉኝ። ጋቢ! ወንድሜ አብርሃም ለሁለት ሳምንት ስልጠና ብሎ ባሕር ማዶ ሲሄድ ጋቢውን ይዞ ነበር። «አገሩ ብርድ ነው» አለን። ይኸው ብርዱን ለምዶት ቀረ። ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው ሹራብ ነው የሚይዘው። ጋቢ የሚይዝ ሰው ሊቀር ነው።

ስለዚህ ዝም ብለን አላየንም። ተመካከርንና ሽማግሌ ላክን። ጋሽ አማን፣ አንድ ቄስና አንድ ሼህ። ለእኔ ሠርግ እንኳ እንዲህ ያለ ሽማግሌ አልተላከም! እሑድ ጠዋት ሄደው በራቸው ላይ ቆሙ። እንግዲህ ጋሽ አማን እንደነገሩኝ ነው።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አሉ ጋሼ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸምልን አንቀመጥም።»

ይህን ሲሰሙ እትዬ አለሚቱ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ልጃቸው ሙሉወርቅ እንደ ነፋስ ብን ብላ ጓዳ ገባች። ጋሼ ገበየሁም ያንኑ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ድምፃቸውን አወፈሩ።

«መልካም። ለመሆኑ ልጁ የማን ልጅ ነው?»

«የምን ልጅ?»

«የምትለምኑለት ነዋ!»

«እኛ እኮ የመጣነው አንተን ልንለምን ነው።»

«እኔን? ለማን?»

አይዟችሁ፣ ሳቁ። ጋሽ አማንም ሲነግሩኝ መጨረስ አቅቷቸው ነበር። ሙሉወርቅ ጓዳ ሆና አለቀሰች አሉ። ሽማግሌዎቹ ለእሷ አለመምጣታቸውን ስትሰማ ለምን እንዳለቀሰች እስካሁን እየጠረጠርኩ ነው። ሄኖክ፣ ምነው አቀረቀርክ? ቀና በል፣ እኔ ስምህን አልጠራሁም።

ሽማግሌዎቹ «አገርህን ጥለህ አትሂድብን» ሲሉ ነው ነገሩ የወጣው። ያ ኡርስ የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ ትዝ ይላችኋል? ለአፈር ጥበቃ ፕሮጀክት መጥቶ ከጋሼ ጋር በየእርከኑ ብስክሌት ሲነዳ የነበረው? እሱ ነው አሉ የጻፈላቸው። «ጡረታ ስትወጣ የፈለግከውን ተራራማ አገር ምረጥ፤ ሁለታችን ሁለት ሳምንት በብስክሌት እንዞራለን፤ ወጪው የእኔ ነው።» ለሽርሽር!

ጋሽ አማን አላመኑም። «ተራራ በብስክሌት ልትወጣ ባሕር ተሻግረህ? ማን ፈርዶብህ ነው?»

እኔም አላመንኩም። ሰው ለመድከም አውሮፕላን ይሳፈራል? ግን ምሥጢሩ አንዴ ከወጣ በኋላ ፖስታው ከመሳቢያ ወጣ፤ ለካ የተራራማ አገሮች ፎቶ ነው የሞላበት፤ በምሳ ሰዓት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አገር መራጭ ሆነ። እኔም ማን የትኛውን አገር እንደሚገፋ፣ ለምን እንደሚገፋ፣ ዳር ቆሜ እመለከት ነበር።

ሄኖክ ስዊዘርላንድን ያዘ። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሰውንም ብስክሌቱንም በገመድ በተንጠለጠለ ሳጥን እስከ ጫፍ ያወጧችኋል። የአንቱ ሥራ መውረድ ብቻ ነው።» ጋሼ ፎቶውን እያገላበጡ አዩና፣ «ያልወጣሁትን ተራራ በምን ዓይኔ እወርደዋለሁ? ያሳፍራል እኮ!» አሉ። እኔ በሆዴ «እሰይ!» አልኩ። የኡርስ አገር ነዋ፤ ሰው ከቀረ የሚቀረው እዚያ ነው።

ከዚያ ኔፓል መጣ። ተራራው ከደመና በላይ ነው፤ አየሩ ሳስቶ ትንፋሽ ያጥራል፤ ደረጃ ደረጃ የሆነው ቦታ ላይ ደግሞ ብስክሌቱን ተሸክሞ መውጣት አለ። ጋሼ ዓይናቸው በራ። እትዬ አለሚቱ ግን እዚያው ቆረጡት። «ልብህ ልጅ ነው፤ ሳንባህ ግን ስልሳ ዓመቱ ነው። ኔፓል የሚባል እንዳልሰማ!» ኔፓል በዚያው ተዘጋ።

ሦስተኛው ሩዋንዳ ነው። ፎቶው ላይ አንድ ገበሬ ሙዝ የተጫነች ብስክሌት እየገፋ ቀይ አቀበት ይወጣል። ከኋላው ኮረብታው እስከ ጫፉ እርከን ነው፤ ከታች ሐይቅ ይታያል። ጋሼ ምሳቸውን ትተው እሱን ሲያዩ ዋሉ። «አያችሁ ይህን ሰውዬ?» አሉ። «ሲወጣ ይገፋታል፣ ሲወርድ ይቀመጥባታል። ከእሱ ጋር ቋንቋ ባይኖረንም እንግባባለን። እርከናቸውን ደግሞ ተመልከቱ! ውሃውን የት እንደሚያስወጡት ሄጄ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ምርጫው ያን ቀን አለቀ።

እኔ ትንሽ ቀለል አለኝ። ሩዋንዳ ሄዶ ቀረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ግን ማታ ተኝቼ አሰብኩና ጠዋት ሄኖክን ያዝኩት። «ከሩዋንዳ ስዊዘርላንድ አውሮፕላን አለ?»

«በሌላ አገር በኩል ዞሮ ይኖራል።»

«ይኸው!» አልኩ። «አላልኩም?»

በቀጥታ ቢሯቸው ገባሁ። «ጋሼ፣ ተራራ ከሆነ አምባሰል ምን ሆነ? ከውርጌሳ በላይ ያለው አቀበት አልበቃ አለ? ለምን እዚሁ አትዞሩም?» ጢማቸውን ያሻሻሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላሻሹም። «ሸዋዬ፣» አሉኝ፣ «የእኛን ተራራ ሁሉ የወጣሁት ተልኬ ነው። ለዘመቻ፣ ለሪፖርት፣ ለስብሰባ። አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ሳይልከኝ፣ ደስ ስላለኝ ብቻ ልውጣ።» ግምጃ ቤቴ ገብቼ ያልጎደለ ዕቃ ስፈልግ ዋልኩ።

አሁን ሳቁን ተዉልኝ።

አብርሃም የቀረ ጊዜ፣ ውርጌሳ ያለችው እናቴ ከቤት መውጣት ተወች። ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ቀረባት። ጋሼ ገበየሁ ለሥራ በዚያ ሲያልፉ በሯ ላይ ደወሉን መምታት ጀመሩ። ደወሉን ስትሰማ መውጣት አለባትና ትወጣለች። «እማማ፣ ጠማኝ፣ ውሃ ያጠጡኝ» ይሏታል። ጠጥተው ይሄዳሉ። ለእኔ «እናትሽ ደህና ናቸው፣ ዛሬ ጉልበታቸውን ትንሽ አሟቸዋል» ይሉኛል። እኔ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ። ጠረጠርኩ! ሄጄ «ይህ ሰው ካንቺ ምን ይፈልጋል?» አልኳት። «ውሃ» አለችኝ።

እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ውርጌሳ መንገድ ዳር ውሃ ሞልቷል። ሰውየው ውሃ አልጠማቸውም። እናቴ በሯን እንድትከፍት ነበር የሚጠጡት። በኋላ በኋላ ደወሉን ስትሰማ ነጠላዋን እያጣፋች «ልጄ መጣ» ማለት ጀመረች። ገበያም ወጣች፤ ቤተ ክርስቲያንም ሳመች። ጋሼ፣ ይህን ያደረጉልኝ አንቱ ነዎት። ግዳጅዎ አልነበረም፣ ማንም አልላከዎትም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬዎት አላውቅም፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ይስማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነገርኳት። «ጋሼ ገበየሁ ባሕር ማዶ ሊሄዱ ነው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሁለት ሳምንት።»

«ጋቢ ይዟል?» አለችኝ።

ጋሼ፣ እኔስ እሺ፤ ጥርጣሬ ልማዴ ነው፣ ተጠራጥሬም ቢሆን እኖራለሁ። እሷ ግን ሁለተኛ ልጅ በሁለት ሳምንት ማጣት አትችልም። ስለዚህ እንደ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ወስኛለሁ፤ ውሳኔዬን እዚሁ ሰው ፊት ይስሙ።

እትዬ አለሚቱ፣ ጋቢው ዛሬውኑ ከሻንጣው ይውጣ። እኔ ራሴ ውርጌሳ አደርሰዋለሁ፤ እናቴ ዘንድ ይቆያል። ሩዋንዳ ብርድ ከሆነ ሹራብ ይልበሱ።

በጋቢው ፈንታ ይህን ይያዙ። አወቁት? አዎ፣ ደወሉ ነው። ትናንት ብስክሌቷን ሲያስረክቡኝ ሙሉ ነበረች፤ ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ በመፍቻ የፈታሁት። ስጦታ እንዳይመስልዎት! ውሰት ነው። አንቱ ከግምጃ ቤቴ ወስደው ያልመለሷት አንዲት ብሎን እንኳ የለችም፤ እኔ የማምነው ይህንን ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ከያዙዎት፣ «የመንግሥት ንብረት ነው፣ ካልመለስኩ ሸዋዬ ትገድለኛለች» ይበሏቸው። እዚያ የሚሰጡዎት ብስክሌት ላይ ይግጠሙት፤ ያ ሙዝ የጫነው ሰውዬም ይስማው። ግን በፖስታ ቢልኩት አልቀበልም። በኡርስም በሌላም ሰው እጅ አልቀበልም። በራስዎ እጅ ብቻ።

በሉ፣ ሁላችሁም ብርዛችሁን አንሡ። ጋሽ አማን፣ ዱላውን አስቀምጠው ብርጭቆ ይያዙ። ጋሼ ገበየሁ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎት። አቀበቱ ጉልበትዎን አይንካ፣ ቁልቁለቱ ጫማዎን ይማርልዎት። ጤናና ዕድሜ ከእትዬ አለሚቱ ጋር ይስጣችሁ። የሙሉወርቅን ሽማግሌዎች ደግሞ በዚህ ዓመት በደህና ያምጣቸው፤ ሄኖክ፣ አሜን በል እንጂ!

ሲመለሱ፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ውርጌሳ ይቀድማል። እዚያ ከአውቶቡስ ይውረዱና እናቴ በር ላይ ደወሉን ይምቱት። ውሃ ትሰጥዎታለች፣ ይጠጡ፤ ጋቢዎን ትመልስልዎታለች። ከዚያ መርሳ ይምጡና መታጠፊያዋ ላይ አንድ ጊዜ ይምቱልኝ። ቢመሽም ግድ የለም፣ በሩን አልዘጋም።