ውሃ ስናፈስ የምንጠራው ስም

ጁላይ አንድ ቀን 2023፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። የሮተርዳሙ ሕንፃችን ሊፍት ተበላሽቶ ስለነበር እኔና ባለቤቴ ሎታር በደረጃ ስንወርድ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከልጃችን ከሚልድሬድ ጋር ተገጣጠምን። ዕለቱ በአገራችን በሱሪናም ባርነት የቀረበት ቀን ነው፤ ለሙታኖቻችን የምናፈሰውን ውሃ በቅል ይዣለሁ። እሷ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ይዛለች።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ሎታር።

"የስም መቀየሪያ ቅጽ ነው አባባ። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእርስዎ። አፊባ እንባል።"

ሎታር ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ልቡን ያመው ስለነበር ያለዚያም ማረፉ አይቀርም ነበር።

"ሄልስዳል ተብዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም ነድቻለሁ። ይህን ስም በላቤ ነው የገዛሁት!"

"አያቶቻችን በባርነት የሠሩበት የሸንኮራ እርሻ ስም እኮ ነው! ነፃ ወጣችሁ ባሏቸው ቀን ጸሐፊው ለሁሉም ለጠፈባቸው፤ ከብት ላይ ምልክት እንደሚተኮሰው።"

"ስምሽን ብትቀይሪ ቆዳሽን ትቀይሪያለሽ? ባለፈው ወር ቤት ስትፈልጊ ሰውዬው በስልክ 'ወይዘሪት ሄልስዳል፣ ነገ ይምጡ' አላለሽም? አፊባ ነኝ ብትዪው ጆሮሽ ላይ ነበር የሚዘጋው።"

"በሩ ላይ ሲያየኝስ? 'አሁን ተከራየ' አለኝ። ማስታወቂያው እስከ ዛሬ አልወረደም። ስሙ በሩ ድረስ ወስዶ ነው ያዋረደኝ።"

ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፤ ሆኖም ሁለቱም ስለ አንድ በር እንደሚያወሩ ገብቶኛል።

"እንግዲያው ስሜን ጥለሽ መቃብሬ ላይ ልጁ ነኝ ብለሽ እንዳትቆሚ" አላት።

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። "እሺ። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። አሁን ወርደው ውሃውን ሲያፈሱ ማንን ነው የሚጠሩት?"

"ቅድመ አያቴን አፊባን ነዋ! ልጇን ኮጆን።"

"ሄልስዳልንስ ጠርተው ያውቃሉ?"

"አብደሻል? እሱን ጠርቼ ውሃ ላጠጣው?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ቅሉን አየና ወደ እኔ ዞረ።

"ተማክራችሁ ነው የመጣችሁብኝ" አለኝ።

"እኔ ውሃ ነው የያዝኩት" አልኩት።

"እስክሪብቶስ ማን ያዘ?"

ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ።

ስም መቀየር ቤት አያሰጥም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የተበደለ ሰው የበዳዩን ስም ተሸክሞ ሲኖር፣ ዝምታውንም አብሮ ይሸከማል። ሎታር ከዚያ በፊት "ዝም በይ፣ ይለፍ" ነበር የሚላት። ሰኞ ዕለት ግን አብሯት ሄዶ ስለተከለከለችው ቤት አቤቱታ አስገቡ።

ዲሴምበር ሁለት ቀን ሞተ። መቃብሩ ላይ ልጁ ነኝ ብላ የቆመችው ሚልድሬድ ናት። የስም ለውጡ ፈቃድ የመጣው ከሞተ በሰባተኛው ሳምንት ስለሆነ፣ መዝገቡ ላይ ሄልስዳል እንደተባለ ቀረ። ድንጋዩ ላይ ሎታር አፊባ ብለን አስቀረጽን፤ ቀራጩ መታወቂያ አልጠየቀንም።