የታጠቡት ዓሦች

ከራቤል ቁልቁል ሲወርዱ፣ ብርዱ ቀለል በሚልበት ሸለቆ፣ አቶ ወዳጆ የሚባሉ በግ አርቢ የዓሣ ኩሬ ነበራቸው። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ለቦታው ያልተለመደ ውርጭ ወረደና ዓሦቹ እየተንሳፈፉ ይሞቱ ጀመር። እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው ኩሬውን በማግሥቱ አፈር ሊያስሞሉት ጎረቤቶቻቸውን ለደቦ ጠሩ።

ትሕትና የእንስሳት ጤና ተምራ አክስቷን ልትጠይቅ የመጣች ወጣት ናት። በዚያው ቀን በኩሬው ዳር ስታልፍ አቶ ወዳጆ ጎንበስ ብለው አንድ ቆሮሶ ዓሣ በአመድና በጆንያ ሲፈትጉ አየቻቸውና ቆመች።

«እንደምን ዋሉ አያ ወዳጆ? ምን እያደረጉት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ኩሬው ነገ ሊደፈን ነው፤ ይኸን ግን አልቅት ተጣብቆበት አገኘሁትና አላስችል ቢለኝ እያጠብኩት ነው። በግም መዥገር ሲወረው ካልነቀሉለት ከስቶ ያልቃል።»

«ያጠቧቸው ዳኑልዎ?»

ጥያቄው ከነከናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያጠቧቸው እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ እያወጡ ካልታጠቡት ቀድመው ይሞቱ ነበር።

«አልዳኑም» አሉ በረዥሙ ተንፍሰው።

«እንግዲህ አይቆጡኝና ልንገርዎ። ያ እጅ የሚያሟልጨው ዝልግልግ እድፍ አይደለም፤ ጋሻው ነው። ተባዩም ሻጋታውም ገላውን እንዳያገኘው ይከልልለታል፤ ጀርም የሚገድል ነገርም አለበት። ዓሣው አዲስ እያወጣ አሮጌውን ከነተባዩ ያራግፈዋል። እርስዎ ሲፈትጉት ግን ጋሻውን ገፈው ለጠላቱ ሰጡት።»

«ጋሻ ካለው ታዲያ አልቅቱ እንዴት ደፈረው? ይኸ ነገር አይዋጥልኝም።»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ ትሕትናም አላቃለለችውም።

«ጋሻ የያዘም ይቆስላል። አልፎ የገባውን በሽታ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያሉ ዘቦች ይዋጉታል፤ አንድ ጊዜ የታገሉትን ዳግም ሲመጣ ያውቁታል። በግዎ ተከትቦ የለ? ነገሩ ያው ነው። የዓሣ ገላ ግን ውሃው ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ዘቦቹም ይፈዛሉ። በዚያ ላይ ኩሬዎ ተጨናንቋል። በታፈነ ጋጥ የታጎረ በግ ያስል የለም?»

«ያስላል» አሉ አቶ ወዳጆ፤ ይህንንስ ከማንም በላይ ያውቁታል። «እና እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«የለም። አልቅት ሁሉ በራሱ አይለቅም፤ እሱ ላይ እውነትዎን ነው። የባሰባቸውን ለይተን፣ መጥነን በበጠበጥነው የጨው ውሃ ለጥቂት ጊዜ እንነክራቸዋለን፤ አልቅቱ ይረግፋል። ሲይዟቸው እጅዎ ርጥብ ይሁን። ለቀሩት ንጹሕ ውሃና ሰፊ ስፍራ ይስጧቸው።»

አቶ ወዳጆ የያዙትን ዓሣ አዩት። «ስንቱን በገዛ እጄ ፈጀሁት!» ብለው ቀስ አድርገው ወደ ውሃው ለቀቁት።

በማግሥቱ ደቦው አካፋና ዶማ ይዞ ሲደርስ ጎረቤታቸው አባይነህ «ከየት በኩል እንድፈነው?» ቢላቸው፣ «መድፈኑ ቀርቷል፤ ከጎኑ ሌላ ቆፍሩልኝ» አሉ። የባሰባቸው በጨው ውሃ ተነክረው ዓሦቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ከበላይ የሚፈልቅ የምንጭ ውሃም በቦይ ተጠልፎ በሁለቱም ኩሬዎች እንዲያልፍ ተደረገ። የታመሙት ሁሉ ዳኑ ማለት አይደለም። ነገር ግን ውርጩ አልፎ ፀሐይ ሲበረታ ሞቱ ቆመ፤ የተረፉትም ቁስላቸው ጠግጎ ገላቸው ያብለጨልጭ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ከአቶ ወዳጆ ቤት ዓሣ አልጠፋም፤ ከልጆቻቸው ተርፎም ራቤል ገበያ ወጣ። አባይነህም ሳይቀር ኩሬ ቆፈረ። «ታመመብኝ፣ ምን ላድርግለት?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ አቶ ወዳጆ እንዲህ ይሉታል፦ «አስቀድመህ ውሃውን አድስለት። መዋጋቱን እሱ ያውቅበታል፤ አንተ ብቻ አታዳክመው።»