ሰማያዊው ኮፒ

(አዳማ፣ አንድ የቢሮ ዕቃ መሸጫ ሱቅ፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው የጭነት መኪና ድርጅት ሠራተኛ ጋሽ ደግአረገ፣ ለቢሮው ፕሪንተር ሊገዛ መጥቶ ከሻጯ ከትርሲት ጋር ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲነታረክ ቆይቷል።)

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ስነግርዎት ይኼ ሦስተኛዬ ነው። ለአራት ኮፒ የሚሆንዎት ይኼኛው ነው።

ደግአረገ፦ ሰማሁት እኮ ድምፁን። ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚበትን ሰው ነው። ፊደሉስ? ነጥብ በነጥብ ተበጣጥሶ፣ ይኼ ይነበባል?

ትርሲት፦ ፊደሉ ጎርባጣ ነው፣ አልዋሽዎትም። ዶት ማትሪክስ ማለት በመርፌ እየወጋ ነው የሚጽፈው። ይኼኛው ዘጠኝ ወፋፍራም መርፌ አለው፤ ሲመታ ከተደራረቡት አራት ወረቀቶች እስከ ታችኛው ይዘልቃል። እርስዎ የወደዱት ደግሞ ሃያ አራት ቀጫጭን መርፌ ነው። ፊደሉን ያሳምራል እንጂ አቅም የለውም።

ደግአረገ፦ አቅም አለው የለውም እኔን ጠይቂኝ። ቢሮ የነበረን እሱ ዓይነት ነው። ሦስት ዓመት ሠርቶ ባለፈው ሳምንት ነው ድርቅ ያለው።

ትርሲት፦ በአራት ኮፒ?

ደግአረገ፦ በአራት።

ትርሲት፦ አራተኛው ይነበብ ነበር?

ደግአረገ፦ ካልተነበበ ለምን ይታተማል?

ትርሲት፦ ለማን ነው የሚሄደው አራተኛው?

ደግአረገ፦ ነጩ ለባለ ዕቃው፣ ሮዙ ለሾፌሩ፣ ቢጫው ለዋናው ቢሮ። ሰማያዊው ጎባ ላለው መጋዘን። ያው ነበር። ተዘግቷል መጋዘኑ፣ ሁለት ዓመት አለፈው።

ትርሲት፦ እንዲያ ከሆነ ሦስት ኮፒ ይበቃችኋል። ለሦስት ከሆነ ደግሞ የወደዱትን ይውሰዱ፤ እኔም አልከራከርዎትም፣ እርስዎም አይድከሙ።

ደግአረገ፦ አራት ነው ያልኩሽ።

ትርሲት፦ ሰማያዊውን አሁን ማን ይቀበለዋል?

ደግአረገ፦ እኔ። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ትርሲት፦ ምን ሊያደርግልዎት?

ደግአረገ፦ ፎርሙ አራት ስለሆነ ነዋ። አንቺ ልጅ ዕቃ ነው የምትሸጪው ወይስ ቃል ተቀባይ ነሽ?

ትርሲት፦ ሁለቱንም ነኝ። የማይሆነውን ዕቃ ወስዶ የሚሄድ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። ባዶ ፎርም ይዘዋል?

ደግአረገ፦ ይኸውልሽ።

ትርሲት፦ በወደዱት ማሽን ልምታው። … ይኸው፣ አሁን እያነሡ ይዩት።

ደግአረገ፦ ነጩ አምሮበታል። ሮዙም ደህና ነው። ቢጫው ትንሽ ገርጥቷል።

ትርሲት፦ ሰማያዊውስ?

ደግአረገ፦ አዲስ ስለሆነ ነው። አልተሟሸም። የእኛው እንዲህ አያደርግም ነበር።

ትርሲት፦ በእናንተው ማሽን የታተመ ሰማያዊ ይኖርዎታል?

ደግአረገ፦ አንድ አለኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ። እሱ ግን የግል ነው።

ትርሲት፦ የጭነት ሰነድ የግል የሚሆነው ከመቼ ወዲህ ነው ጋሼ? ያምጡት፣ አልበላው።

ደግአረገ፦ በጥንቃቄ ያዢው። እጥፋቱ ሳስቷል።

ትርሲት፦ ማዳበሪያ፣ ሁለት መቶ ኩንታል፣ ተቀብያለሁ። ይኼ በእጅ የተጻፈ ነው።

ደግአረገ፦ እሷ ናት የጻፈችው። ወይዘሮ ፀዳለ፣ የጎባው መጋዘን ኃላፊ። መጋዘኑ ሊዘጋ ወራት ሲቀሩት አመሏ ተለወጠብኝ። ፊት ፈርማ ብቻ ነበር የምትመልሰው፤ በኋላ ቁጥሩን ሁሉ በእጇ እየደገመች መጻፍ ጀመረች። ቁጥሬን አላመነችውም ብዬ ከፍቶኝ ነበር።

ትርሲት፦ የታተመው ቁጥር የታለ?

ደግአረገ፦ ከሥሩ አለ። ነጣ ያለ ይሆናል።

ትርሲት፦ የለም ጋሼ። ወደ በሩ ይምጡና በብርሃን ይዩት። እሳቸው የጻፉት ባዶ ቦታ ላይ ነው። ከማሽናችሁ አንድ ነጥብ እንኳ አልደረሰበትም።

ደግአረገ፦ ታች እዪልኝ እስቲ። "ምርመራ" የሚለው፣ ማስታወሻ የሚጻፍበት መስመር ላይ።

ትርሲት፦ እሱም ባዶ ነው።

ደግአረገ፦ ደግመሽ እዪው ልጄ።

ትርሲት፦ ባዶ ነው። ምን ነበረበት? … ጋሼ? ይቀመጡ፣ ይኸው ወንበር።

ደግአረገ፦ መጀመሪያ ቢሮ የነበረው ማሽን እንደዚህ ጠጠር በታኙ ዓይነት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት። ምርመራ የሚለው መስመር ላይ ሁሉም ሰው "የለም" ብሎ ያልፋል። እኔ አንድ ቀን "ዝናብ ስላለ ሸራው በደንብ ይታይልን" ብዬ ጻፍኩ። ሰማያዊው በሾፌር እጅ ተመለሰ፤ ከሥሩ በእስክሪብቶ "ሸራው ደህና ነው፣ ሾፌሩ ግን በስብሷል፣ ሻይ ሰጥቼዋለሁ" ይላል። በዚያው ቀጠልን።

ትርሲት፦ አሥራ አንድ ዓመት በምርመራ?

ደግአረገ፦ በየጭነቱ። ሳል ይዞኛል ስላት "አንተ ሰውዬ ታከም" ብላ ጻፈች። እስከዚያ ድረስ "እርስዎ" ነበር የምንባባለው።

ትርሲት፦ ተገናኝታችሁስ ታውቃላችሁ?

ደግአረገ፦ አንድም ቀን። ባለቤቴ ካረፈች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ልጅ አልሰጠንም። ፀዳለም ብቻዋን ናት። ሾፌር ተመለሰ ሲሉኝ ከበር ነበር የምቀበለው።

ትርሲት፦ ታዲያ ያን የመሰለ ማሽን ለምን ለወጡት?

ደግአረገ፦ ዓይኔ እየደከመ ነው ብላ ጻፈችልኝ። ፊደሉ ይጥራላት ብዬ አለቆቼን ለምኜ ይኼንን ቆንጆውን አስገዛሁ።

ትርሲት፦ አይ ጋሼ።

ደግአረገ፦ በወሩ "ምነው ጠፋህ?" ብላ ጻፈች። በየጭነቱ እየጻፍኩላት ጠፋህ ማለቷ ገርሞኝ "አለሁ እንጂ፣ ወዴት እጠፋለሁ" ብዬ መለስኩ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልጻፈችም።

ትርሲት፦ "አለሁ" ያሉትም አልደረሳቸውማ። ማሽኑ ቢደክም እጁ ምን ሆነ፣ አንድ መስመር በእስክሪብቶ መጻፍ አቃተው ብለው ይሆናል።

ደግአረገ፦ ትላለች፣ ኩሩ ናት። እኔ ደግሞ ሲመለስልኝ የማየው የእሷን ቀለም ነው። የራሴን ጽሑፍ ምን ብዬ አነባለሁ? የጻፍኩትን አውቀዋለሁ።

ትርሲት፦ ዝም ብለውዎትም ጻፉላቸው?

ደግአረገ፦ ስምንት ወር። መጋዘኑ ይዘጋል ሲባል በመጨረሻው ጭነት፣ ይኼ የያዝሽው ላይ፣ "ጡረታ ስወጣ ጎባ ቤት ልከራይ አስቤያለሁ፤ ብመጣ ቅር ይልሻል ወይ?" ብዬ ጠየቅኳት።

ትርሲት፦ የመጣው መልስ ይኼ ነው?

ደግአረገ፦ ሁለት መቶ ኩንታል፣ ተቀብያለሁ፣ ፊርማ። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ምን ነካኝ ብዬ አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት።

ትርሲት፦ ስልክስ አልደወሉም?

ደግአረገ፦ እምቢ ያለ ሰው ላይ ይደወላል እንዴ?

ትርሲት፦ መሳቢያዎ ውስጥ ያሉት ሰማያዊዎች ላይስ ምን ይጽፋሉ እስካሁን?

ደግአረገ፦ የቀኑን። ነፋስ ነበር፣ ምሳ ብቻዬን በላሁ፣ ጎረቤቴ ለቀቀ። ወሬዬን የምነግረው ሰው የለኝም ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ከሥራ ወጥቼ ማታ ራዲዮ እስክከፍት ድረስ ያገሬ ሰው አንድ ቃል አይነግረኝም። እዚያ ስጽፍ ቢያንስ የጻፍኩት ይቀመጣል ብዬ ነበር። ለካ መሳቢያውም ውስጥ ያለው ባዶ ወረቀት ነው።

ትርሲት፦ እኔም ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ቴሌቪዥን ነው ጋሼ፤ ይገባኛል። ወይዘሮ ፀዳለ አሁን የት ናቸው?

ደግአረገ፦ ሾፌሮች እዚያው ጎባ አየናት ይላሉ። ገበያው ጥግ ክር ትሸጣለች አሉ።

ትርሲት፦ ታዲያ?

ደግአረገ፦ ታዲያ ምን? ሁለት ዓመት አልፏል። ትታኝ ቢሆንስ? ደህና አድርጋ ረስታኝ ቢሆንስ?

ትርሲት፦ ከረሱዎት እሳቸው ይንገሩዎት። እስካሁን እምቢ ያለዎት ፕሪንተሩ ነው።

ደግአረገ፦ ምላስሽ አይጣል ነው አንቺ ልጅ።

ትርሲት፦ ዕቃ የምሸጠው በእሱ ነው። በሉ፣ የትኛውን ላሽግልዎት? ለአራት ኮፒ ጠጠር በታኙ፣ ለሦስት ቆንጆው።

ደግአረገ፦ ቆንጆውን ስጪያቸው።

ትርሲት፦ ሰማያዊውን አያትምም ብያለሁ፣ በኋላ እንዳይወቅሱኝ።

ደግአረገ፦ ሰማያዊው ይቅር። ሦስት ይበቃቸዋል።

ትርሲት፦ እርግጠኛ ነዎት?

ደግአረገ፦ እርግጠኛ ነኝ። ሰኞ ወደ ቢሮ ላኩት፣ ጥበቃው ይረከባችኋል።

ትርሲት፦ እርስዎ እያሉ ቢሆን አይሻልም? ካልሠራ ማን ያስመልስልኛል?

ደግአረገ፦ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ጎባ ነኝ። የስምንቱን ወር ጽሑፍ አንድ በአንድ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እስከ ሰኞ እንኳ አልጨርስላትም።