ሁለተኛዋ ፓርቲ

ስሙኝማ፣ በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ተርጓሚ ነበርኩ። አንድ ቀን ከጅቡቲ ጭነት ከሚያመጣልን ድርጅት ጋር የምንፈራረመውን የእንግሊዝኛ ውል ወደ ፈረንሳይኛ ስመልስ፣ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጎ ያነባል። "ሰከንድ ፓርቲ" የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለዋወጠ። "አገሩ ያለው አንድ ፓርቲ ነው። ይሄ ሁለተኛው ከየት መጣ? ሰርዢው" አለኝ።

"ጓድ፣ እንግሊዝኛ ለፖለቲካውም ለተዋዋዩም አንድ ቃል ነው ያለው። ፈረንሳይኛ ግን ይለያቸዋል፤ የእናንተው ፓርቲ ወንድ ነው፣ የውሉ ፓርቲ ሴት ናት። እሷ ከተሰረዘች ዕቃችንን ማን ሊያመጣልን ነው?"

"ሰርዢ ብያለሁ።"

እስክሪብቶዬን ዘረጋሁለት። "እኔ አልሰርዝም። ከፈለግህ አንተው ሰርዝና ፈርምበት" አልኩት። እጁን ኪሱ ከቶ ወጣ።

አንድ ፓርቲ ብቻ በነበረበት አገር፣ ሁለተኛዋን በፖስታ ጅቡቲ የላክኋት እኔ ነኝ።